በጣልያን ወረራ ዘመን ቁስለኛ እንዴት ይታከም ነበር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የካቲትና ሚያዝያ በመጡ ቁጥር ስለ 1928ቱ ጦርነት ሕክምና የምጠየቀው ያንኑ ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነቱ ሲጀመር የኢትዮጵያ ጦር የራሱ ሐኪሞች ነበሩት?

አልነበሩትም ማለት ይቻላል። መስከረም 22 ቀን 1928 ጣልያን መረብን ሲሻገር ጦራችን የሕክምና ክፍል የሚባል ነገር አልነበረውም። ክተት ሲታወጅ ሰው ጠመንጃውንና ስንቁን ይዞ ከአለቃው ኋላ ይተማል፤ በቅሎ ያለው በቅሎውን ይጭናል። ሚስት ወይም እኅት አብራ ትዘምታለች። እንጀራውን የምትጋግረውም ቁስሉን የምታጥበውም እሷው ናት።

አገሩ ውስጥ ሆስፒታል አልነበረም ማለት ግን አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ነበር፤ የዛሬው የካቲት 12፣ የያኔው ቤተ ሳይዳም ነበር። ደሴና ሐረርም ሚሲዮኖች የሚያክሙባቸው ቤቶች ነበሩ። ውጊያው ግን ተንቤን፣ ሽሬና ኦጋዴን ነው። ተንቤን ላይ የቆሰለ ሰው ደሴ ለመድረስ የብዙ ቀን መንገድ ይጠብቀዋል፤ ያውም ቃሬዛ የሚሸከምለት ዘመድ ካለው። ስለዚህ ጦርነት ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ይኸው ነው፦ የቁስለኛውን ዕድል ከሐኪሙ ይልቅ የወሰነው መንገዱ ነው።

ከዚያ በፊትስ? ዓድዋ ላይ ቁስለኛውን ማን ያክም ነበር?

ወጌሻው፣ መድኃኒት አዋቂውና የቤተሰብ ሰው። አጥንት ሲሰበር ወጌሻ አስተካክሎ በቀርከሃ ያስራል። ቁስል በማር፣ በቅቤ፣ በከርቤ ይያዛል። ደም አልቆም ሲል በጋለ ብረት ይተኮሳል። ይህን ሁሉ «ኋላ ቀር» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው፤ ለምሳሌ ማር ቁስል ላይ ጀርም እንደሚከላከል ዛሬም ሐኪሞች ያውቁታል። ወጌሻ የማይችለው ሆድ ውስጥ የገባ ጥይትን ነው። ያንን በዚያ ዘመን አውሮፓም በደንብ አይችለውም ነበር።

ከዓድዋ በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል በጄኔራል ሽቬዶቭ የሚመራ የሕክምና ቡድን ላከ። በምጽዋ እንዳይገባ ጣልያን ከለከለው፤ በጅቡቲና በሐረር ዞሮ አዲስ አበባ ሲደርስ ክረምት ሆኖ ነበር። ልብ በሉ፣ ጦርነቱ የካቲት 23 ነው። ሩስያውያኑ ያገኙት አምስት ወር ያህል ከቁስሉ ጋር የኖረውን ሰው ነው። የባሰበት ቀድሞ አልፏል። ቡድኑ ድንኳን ተክሎ አከመ፤ ሥራውም ለዓመታት ቀጠለ። ኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የተሠራው እዚያው ስፍራ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል መቼ ተቋቋመ?

ሐምሌ 1 ቀን 1927። ጦርነቱ ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ አልቀረውም። ጄኔቭ ያለው ዓለም አቀፉ ኮሚቴ ዕውቅና የሰጠው መስከረም 15 ቀን 1928 ነው፤ ጣልያን መረብን የተሻገረው ከዚያ ሳምንት በኋላ። ፕሬዚዳንቱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩ፤ ያኔ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም እሳቸው ናቸው። ዋና ጸሐፊው አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ነበር።

በሦስት ወር ምን ይሠራል? ድንኳን፣ ፋሻ፣ አዮዲን፣ በቅሎ፣ ጥቂት ካሚዮን (የጭነት መኪና)። ሐኪም ተብሎ የተመዘገበው አገር ውስጥ የነበረ ሚሲዮናዊና ፈረንጅ ሁሉ ነው፤ ግሪክ፣ ኦስትሪያዊ፣ ፖላንዳዊ፣ አሜሪካዊ።

በዚህ አጋጣሚ፦ በጊዜው ጽሑፎች «አምቡላንስ» ሲባል መኪና እንዳይመስላችሁ። ሐኪም፣ ነርስ፣ ድንኳን፣ ጫኝና ዘበኛ ያለው ተንቀሳቃሽ ሆስፒታል ማለት ነው። «የእንግሊዝ አምቡላንስ ተደበደበ» የሚል ስታገኙ የተመታው አንድ መኪና ሳይሆን ሙሉ ሰፈር ነው።

ከውጭ ማን ማን መጣ?

ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ፊንላንድ፣ ሆላንድ፣ እንግሊዝና የግብፅ ቀይ ጨረቃ የሕክምና ቡድን ልከዋል። ከጄኔቭ ደግሞ ሁለት ስዊሶች መጡ፤ ሲድኒ ብራውንና ወጣቱ ቀዶ ሐኪም ማርሴል ጁኖ። የፊንላንዱን ቡድን የመራው ሪቻርድ ፋልቲን 68 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ ከሄልሲንኪ ተነሥቶ ወደ ሐረርና ጅጅጋ! ከኒው ዮርክም የሐርለም ጥቁር ሐኪሞች ኮሚቴ አቋቁመው የሕክምና ዕቃ አሰባስበው ልከዋል።

ሁለት ሰዎች ሳይነሡ መታለፍ የለባቸውም። አሜሪካዊው ዶክተር ሮበርት ሆክማን ኦጋዴን ውስጥ ደገሃቡር ይሠራ ነበር። ሳይፈነዱ የቀሩ ቦምቦችን እያነሣ ያመክናል። ታኅሣሥ 1928 አንዱ እጁ ላይ ፈነዳና ሞተ። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ደግሞ የቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ ያመላልስ ነበር። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ አየር ኃይላችንን አሠለጠነ። በ1966ቱ ረኃብ እንደገና መጥቶ እህል ከአውሮፕላን አወረደ። በ1969 ክረምት፣ የሶማሌ ጦር ሲወረን፣ ጎዴ ላይ ተገደለ። በስሙ የተሰየመ መንገድ እንኳ አላየሁም።

ኢትዮጵያዊ ሐኪም አንድም አልነበረም?

ነበረ፤ ግን በጣት የሚቆጠር። የሁሉ ቀዳሚ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1860 መቅደላ ስትወድቅ ከፍርስራሹ መሀል የተገኙ ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኮንን ይዟቸው ወደ ህንድ ሄደ። ላሆር ሕክምና ተምረው በርማ ሠሩ፤ አገራቸውን እንደገና ያዩት ጎልማሳ ሆነው ነው። ጦርነቱ ሲነሣ ግን ሜዳ ላይ አልነበሩም። ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው የዲፕሎማሲውን ትግል ይዘው ነበር።

ሜዳ የወረደው ዶክተር መላኩ በያን ነው። አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናውን የጨረሰው ጦርነቱ በተነሣበት በዚያው ዓመት ነው። ምሩቅ ሐኪም ሆኖ በወራት ውስጥ ኦጋዴን ገባ። በኋላም ወደ ሰሜኑ ግንባር፣ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ሄደ። ጦርነቱን ስንሸነፍ ወደ አሜሪካ ተመልሶ ጥቁሮችን ለኢትዮጵያ አሰባሰበ። ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ እንዳለ፣ ነጻነቱን ሳያይ አረፈ።

ሴቶችስ ምን አደረጉ?

ስማቸው የተጻፈውም ያልተጻፈውም ብዙ ነው። ያልተጻፉት ከጦሩ ጋር የዘመቱት ናቸው። ውኃ ቀድተዋል፣ ቁስል አስረዋል፣ ቁስለኛ ጎትተው ከጥይት አውጥተዋል። አዲስ አበባ የቀሩት በሴቶች ማኅበር ተሰባስበው ፋሻ ሲጠቀልሉና የጋዝ መከላከያ ጭንብል ሲሰፉ ከረሙ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ የ16 ዓመት ልጅ ሆነው ከእነሱ ጋር ነበሩ።

ልዕልቲቱ በስደት ለንደን ሄደው የዘውድ ልጅነታቸውን ትተው ነርስነት ተማሩ፤ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል አልጋ እያነጠፉ። ከነጻነት በኋላ አገራቸው ተመልሰው ነሐሴ 11 ቀን 1934 ነቀምት ላይ አረፉ፤ ገና 22 ዓመታቸው ነበር። መታሰቢያ ተብሎ የተሠራላቸው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ታክሲ ውስጥ «ጦር ኃይሎች ወራጅ!» የምንለው ሁላችን በስማቸው በተሠራው ቤት ደጅ እያለፍን ነው።

የተረጨው የመርዝ ጋዝ ምን ዓይነት ነበር?

በአብዛኛው ይፔሪት ነው፤ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1917 ጀርመኖች መጀመሪያ ከተጠቀሙበት ከቤልጅጉ ኢፕር ከተማ ነው። «ጋዝ» ይባል እንጂ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው። ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይተናል። ለደጋ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሌሊት ሣሩ ላይ ረግቶ ያድራል፤ ጠዋት ሲሞቅ ይነሣል።

ሰሜን ላይ መጀመሪያ የተጣለው ታኅሣሥ አጋማሽ 1928 ተከዜ አካባቢ፣ በራስ እምሩ ጦር ላይ ነው። ራስ እምሩ በኋላ እንደተናገሩት፣ ከአውሮፕላኑ የወረደው ነገር በርሜል ይመስላል። እንደ ሌላው ቦምብ አልፈነዳም፤ መሬት ሲነካ ተሰበረና ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ። ሰዉ ቀረብ ብሎ አየው። በባዶ እግሩ ረገጠው። ከወንዙም ጠጣ። ሥቃዩ በኋላ መጣ፤ እጅ፣ እግር፣ ፊት ውኃ ቋጠረ። የጦር አለቆቹ ምን እናድርግ ብለው ከበቧቸው። ለሚያቃጥል ዝናብ ምን መልስ ይኖራል?

ይፔሪት ተንኮለኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሲነካህ አያምም። ምልክቱ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው። በዚያ መሀል ሰውየው ልብሱን አልቀየረም፣ አልታጠበም፣ ምናልባትም ከጓደኛው ጋር አንድ ጋቢ ለብሶ ተኝቷል። ቀጥሎ ዓይን ያብጣል፣ ይዘጋል። ብብትና ብሽሽት፣ ላብ ያለበት ሁሉ ይላጣል። ትነቱን የሳበ ደግሞ ሳንባው ይቃጠላል።

ሲ 500 ቲ የተባለው የጋዝ ቦምብ ከመሬት ወደ 250 ሜትር ከፍታ ላይ እንዲከፈት ተደርጎ የተሠራ ነው። አንዱ ከ200 ኪሎ በላይ ይፔሪት ይይዛል። ሰሜን ግንባር ላይ ብቻ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ተጥለዋል።

ለጋዝ መድኃኒት ነበረው?

አልነበረውም፤ ዛሬም ማርከሻ የለውም። የሚደረገው ቶሎ ልብስ ማውለቅ፣ በብዙ ውኃና ሳሙና መታጠብ፣ ዓይንን ደግሞ ደጋግሞ ማጠብ ነው። የተነካ ዕቃ በክሎሪን ዱቄት ይጸዳል። ውኃ የቋጠረው ቁስል እንደ ቃጠሎ ይታከማል። ሁሉም ቀላል ይመስላል። ግን ሰው ሁሉ የለበሰውን አንድ ልብስ ብቻ በያዘበት፣ ሳሙና በሌለበት፣ ወንዙ ራሱ በተመረዘበት ቦታ አስቡት።

አንድ ክፉ አጋጣሚም አለ። ለቃጠሎ የእኛ መድኃኒት ቅቤ ነው። ይፔሪት ደግሞ በቅባት ይሟሟል። ሳይታጠብ ቅቤ የተቀባ ቁስል መርዙን ያሰፋዋል እንጂ አያድነውም። ከየት ይወቁት? ሐኪሞቹም ቢሆኑ የመጀመሪያው ሰሞን ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ያውም የቁስለኛውን ልብስ ሲያወልቁ እጃቸው ይቃጠላል።

ስለ ጭንብል የሚጠይቁኝ አሉ። ጭንብል ሳንባና ዓይን ያድን ይሆናል። በባዶ እግር መርዝ የረገጠን ሰው አያድንም። ሙሉ ልብስና ጫማ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ለአብዛኛው ወታደር የማይታሰብ ነበር። መጋቢት 1928 ማርሴል ጁኖ ቆረም ሲደርስ ያየው፣ በየዛፉ ሥር የተጋደሙ፣ ቆዳቸው የተላጠ፣ «አቤት! አቤት!» እያሉ የሚጣሩ ሰዎችን ነበር። «አቤት» አለ፤ ሰሚው ግን የለም።

በጥይትና በቦምብ ለቆሰለውስ?

ፔኒሲሊን ገና አልወጣም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍሌሚንግ ፔኒሲሊን የሚወጣበትን ሻጋታ ካየ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ መድኃኒት የሆነው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚከላከለው የሰልፋ መድኃኒት በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ ለገበያ መቅረቡ ነው፤ ተንቤን አልደረሰም። ደም አከማችቶ በጦር ሜዳ መስጠትም ከዓመት በኋላ በስፔን ጦርነት ነው የተስፋፋው። ስለዚህ የቀረው ቁስሉን መክፈት፣ የሞተ ሥጋ መቁረጥ፣ በአዮዲን ማጠብ፣ ሳይሰፉ ክፍት መተው ነው። ጋንግሪን (የሥጋ መበስበስ) ከገባ እግሩ ይቆረጣል። ለመንጋጋ ቆልፍ ሴረም ነበር፤ ቶሎ ለደረሰ።

ብዙ ቁስለኛ እግሬን አላስቆርጥም ብሎ ነበር ወይ? አዎ፣ ነበር። አካል ቆርጦ መጣል በእኛ ዘንድ የወንጀለኛ ቅጣት ስለነበር ሐኪሙ መጋዝ ሲያነሣ መሸሹ አይገርምም።

የቀይ መስቀል ድንኳን ለምን ተደበደበ? በስህተት ነው?

አንድ ጊዜ ቢሆን ስህተት ይባል ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ ሲደበደብ የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ተመቱ። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ ገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን አምቡላንስ ተደበደበ። ድንኳኖቹ ምልክታቸው በግልጽ የሚታይ ነበር። የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሁላንደር ቆሰለ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ስዊድናዊ መንጋጋው ላይ ተመትቶ ሞተ፤ አልጋ ላይ የነበሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች አለቁ። ስለ መልካ ዲዳ ሲወራ የስዊድናዊው ስም ይነሣል፤ የሕመምተኞቹን ስም የመዘገበ ግን አላጋጠመኝም።

የጣልያን ሰበብ የአውሮፕላን አብራሪው የቲቶ ሚኒቲ መገደል ነበር። ደገሃቡር አጠገብ ወርዶ ተይዞ አንገቱን ተቆረጠ ተባለ። ከቦምቡ ጋር የተጣለው ወረቀት ይህንኑ የሚል፣ በደቡቡ ግንባር የጣልያን አዛዥ በግራዚያኒ ስም የወጣ ነበር። ስለዚህ መልሱ እነሱ ራሳቸው ጽፈው የጣሉት ላይ አለ፤ ብቀላ ነው። ምርኮኛ መግደል ወንጀል ነው። የዚያ ቅጣት ሆስፒታል መደብደብ ነው የሚል ሕግ ግን የለም።

የካቲት 25 ቀን ቆረም አጠገብ የእንግሊዙ አምቡላንስ ተመታ። መሪው ዶክተር ጆን ሜሊ ከዚያ ተርፎ አዲስ አበባ ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲወጡ ከተማው በዝርፊያ ሲናጥ፣ መንገድ ላይ ቁስለኛ ሲያነሣ አንድ ሰካራም ተኮሰበት። የሞተው ሚያዝያ 27፣ ጣልያን የገባበት ቀን ነው። ይህንን የምጽፈው የእኛንም ጥፋት ላለመሸፈን ነው።

የጣልያን ወታደር በበሽታ አላለቀም?

ብዙዎች ወባና ተቅማጥ ይጨርሳቸዋል ብለው ጠብቀው ነበር፤ አልሆነም። የሕክምናውን ሥራ የመራው አልዶ ካስቴላኒ ነው፤ የእንቅልፍ በሽታን አምጪ ተውሳክ በማግኘት የታወቀ የቆላ በሽታ ሊቅ። ወታደሩ ተከትቦ መጣ። ኪኒን በግዴታ ይዋጣል። ውኃ ይመረመራል። ከባድ ሕመምተኛ በሆስፒታል መርከብ ወደ ጣልያን ይመለሳል። የሞተው ሰው ቁጥር ከተፈራው እጅግ ያነሰ ሆነ። በአንድ በኩል የሕዝብ ጤና ጥበብ እንዲህ ነው፤ በሌላ በኩል በዚያው ጦር አውሮፕላን ላይ ይፔሪት ተጭኗል።

ጦርነቱን ያሸነፈው ጋዙ ነው?

ይህ ጥያቄ ሰው ያጣላል። እኔ ጋዙ ብቻውን ነው አልልም። አውሮፕላን፣ መድፍ፣ ታንክ፣ ሬዲዮ፣ የካሚዮን መንገድ ሁሉ ከጣልያን ጋር ነበር። የእኛም መሪዎች እርስ በርስ ያለመናበብ ችግር ነበረባቸው። ማይጨው መጋቢት 22 የተሸነፈው በዋናነት በተለመደው መሣሪያ ነው።

ግን «ጋዙ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም» የሚሉትንም አልቀበልም። ጋዝ ሥራው መግደል ብቻ አይደለም። መንገድና ወንዝ ይዘጋል፣ በቅሎና ከብት ይፈጃል፣ ስንቅ ያቋርጣል። ከማይጨው በኋላ ሲያፈገፍግ አሸንጌ ሐይቅ ዳር የተያዘው ጦር ላይ የደረሰውን አስቡ። የደከመ፣ የተጠማ ሰው ውኃ ፍለጋ ወርዶ ከላይ ቦምብና መርዝ ሲወርድበት ጦር መሆኑ ያበቃል። ሙሶሊኒም ታኅሣሥ 18 ለጦር አዛዡ ለባዶሊዮ ማንኛውንም ጋዝ በሰፊው እንዲጠቀም የፈቀደው ጥቅሙን ስለሚያውቅ ነው።

ከማይጨው በኋላ ጋዝ መጠቀሙ ቆመ?

አልቆመም። በአርበኞች ላይ ቀጥሏል። በጣም የሚታወቀው ሚያዝያ 1931 ሰሜን ሸዋ፣ ዘረት ዋሻ የተፈጸመው ነው፤ የአገሩ ሰው አመፀኛ ዋሻ ይለዋል። አርበኞች ከነሚስትና ልጆቻቸው ተጠልለው ሳለ ዋሻው ውስጥ የመርዝ ጋዝ ተለቀቀ። እጃቸውን የሰጡ ወንዶች ተረሸኑ።

አርበኛው በአምስቱ ዓመት የታከመው በአብዛኛው በወጌሻና በቅጠል ነው። ዘመናዊ መድኃኒት ሲገኝ ከከተማ በውስጥ አርበኞች ተሠርቆ ነው የሚወጣው። ሸዋረገድ ገድሌን የመሰሉ ሴቶች ጥይትና መረጃ ብቻ ሳይሆን መድኃኒትም ያሻግሩ ነበር።

ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን አልመሰከረም?

አውቋል። ጁኖና ብራውን ጽፈው ልከዋል። ሚያዝያ 1928 ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር መረጃ ስጡን ሲል የኮሚቴው ፕሬዚዳንት ማክስ ሁበር አልሰጥም አሉ። ምክንያታቸው ገለልተኛነት ነው፤ ለአንዱ ወገን ምስክር ከሆንን ሌላው ወገን ወደ ቁስለኛው አያስገባንም የሚል።

ክርክሩ ዛሬም በየጦርነቱ ይነሣል፤ ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነውም አልልም። እዚህ ላይ ግን ሚዛኑ አልሠራም። ጣልያን ኢትዮጵያ በኩል ያለውን ቁስለኛ ለማከም ፈቃድ የሚሰጥ ወገን አልነበረም፤ ድንኳኑን ይደበድብ ነበር እንጂ። ዝምታው ምን በር እንደከፈተ ልታሳየኝ የምትችል ከሆነ አሳየኝ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ቆመው ስለ መርዙ ዝናብ ሲናገሩ ማስረጃው እዚያው ከተማ፣ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ጣልያን ጋዝ መጠቀሟን አምናለች?

አዎ፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ። እ.ኤ.አ. በ1996 የመከላከያ ሚኒስትሯ ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ለፓርላማ በይፋ አመኑ። እዚያ ያደረሰው በዋናነት የታሪክ ጸሐፊው የአንጀሎ ዴል ቦካ የዓመታት ድካም ነው። ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ «እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ጋዝ አላየሁም» እያለ ሲሟገተው ኖሮ ሰነዱ ሲወጣ መሳሳቱን ተቀበለ። ጣልያን የጋዝ ጦርነትን የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቭ ስምምነት አጽድቃ ነበር፤ እንግዲህ ሕጉን አላውቅም ማለት አትችልም።

አያቴ በጋዝ ምክንያት ዓይናቸው ጠፋ ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል?

ሊሆን ይችላል፤ ግን ቸኩሎ መደምደም አይገባም። በይፔሪት ዓይኑ የተዘጋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ያያል። ለዘለቄታው የሚታወረው ጥቂቱ ነው። ነገር ግን ሳይታጠብ ቆይቶ ከመገለ ሊጠፋ ይችላል። ሌላም መንገድ አለ፤ የዳነ የመሰለው ዓይን ከብዙ ዓመት በኋላ ብሌኑ እየደበዘዘ ሊሄድ ይችላል። በአንጻሩ በአገራችን ዓይን ከሚያጠፉት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ትራኮማ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የባሰ ነበር።

ስለዚህ ከዓይኑ በፊት ሌላ ነገር ጠይቁ። አያትህ የዘመቱት ከየትኛው መኳንንት ጋር ነው? ተከዜ፣ አምባ አራዶም፣ አሸንጌ ወይስ ኦጋዴን? ከገና በፊት ነው ወይስ በፋሲካው ሰሞን? ከእሳቸው ጋር ሌላ የተቃጠለ ሰው ነበር? የዘላቂ ሳል፣ እግርና ብብት ላይ የጠቆረ ወይም የነጣ ጠባሳ ነበራቸው? ቦታውና ወሩ ከገጠመ፣ የቤተሰቡ ወሬ ከሰነዱ ጋር ቆመ ማለት ነው። በቤታችሁ ይህን የሚያስታውስ ትልቅ ሰው ካለ ስልክህን አውጣና ቅረጽ፤ በዚህ ሳምንት።